የሕፃን ልቅሶ የምታዳምጠው እትዬ ዘይነባ

ስልኬ ሲጠራ ዚፕ በየመጠኑ እየለየሁ ነበር። ቁጥሩን አላወቅኩትም። "እልፌ፣ እኔ ነኝ" አለኝ አንድ የተሰነጣጠቀ ሹክሹክታ። ድምፁን ግን ወዲያው አወቅኩት። "እትዬ ዘይነባ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" ብዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስለመጥፋቷ ወቀሳዬን አወረድኩት። ከዚያ ያው ሹክሹክታ፣ "እልፌ፣ እሷ አይደለችም። ሐያት ነኝ። እናቴ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈች" አለኝ።

ልጅቷ የእናቷን ድምፅ እንደወረሰች ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ፣ የሞተችው ሴት ራሷ ደውላ መሞቷን የነገረችኝ ነው የመሰለኝ፤ እስከ ዛሬም ያ ስሜት አልለቀቀኝም። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ሙስሊሞች አስከሬን አያቆዩም፤ በስንት መከራ ታክሲ አግኝቼ ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ እንባ ግን እምቢ አለኝ። ያኔ ያላለቀስኩትን አሁን ልጻፈው።

ከእትዬ ዘይነባ ጋር ጎን ለጎን የሠራነው መርካቶ ውስጥ፣ ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ ነው። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ "ተሰባሰቡና ፎቅ ሥሩ" የሚባለው ነገር ገና አልመጣም። እኔ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ፤ እሷ ጨርቅ በሜትር። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። "እትዬ" ስላት ደስ ይላታል፤ አንቱታ ልጨምርበት ስል ግን፣ "አንቱውን ተዪው፣ ገና ሳልመልስልሽ ትንፋሽ ያጥረኛል" ብላ ከለከለችኝ።

ድምፅ አልነበራትም። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ወረቀት ሲቀደድ እንደሚሰማው ዓይነት አየር ነው። መርካቶ ደግሞ ያለ ጩኸት የሚሸጥበት ቦታ አይደለም፤ ከፊት ለፊታችን ያለው ብርድ ልብስ ሻጭ ሲጣራ የአንገቱ ሥር ይገተር ነበር። እሷ ቁጭ ብላ በመቀሷ የብረቱን ሜትር ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ገዢው ዞር ሲል በዓይኗ ትጠራዋለች፤ ሰውየው ለመስማት ጎንበስ ይላል። እሷ እንደምትለው፣ ጎንበስ ያለ ሰው ግማሹን ገዝቷል። የሚገርመኝ ገዢውም ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከራከሩ ነው፤ ሁለቱን ላያቸው የቤት ምስጢር የሚማከሩ ነበር የሚመስሉት። "የመጨረሻው ስንት ነው?" ብሎ የደጋገመባትን፣ "እኔ አንዴ ነው የምናገረው፤ ትንፋሽ በጅምላ አይመጣልኝም" ትለዋለች። እኔንም አትምረኝም ነበር። ከደንበኛ ጋር ስንጫጫ በቆርቆሮው ጫፍ ብቅ ትልና፣ "አንቺ ለፍላፊ፣ ለሁለት የሚበቃ ድምፅ ለምን ለብቻሽ ተሰጠሽ?" ትለኛለች።

አንድ ልማድ ነበራት። ልጅ ያዘለች ሴት በበራችን ስታልፍ ልጁ ካለቀሰ፣ እትዬ ዘይነባ መቀሷን ጨርቁ መሐል ላይ አቁማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ልቅሶው ርቆ እስኪጠፋ አትንቀሳቀስም። ከዚያ መቁረጧን ትቀጥላለች። ያኔ አላገባችም፣ ልጅም አልነበራትም። ልጅ አምሯት ነው እያልኩ በሆዴ አዝንላት ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

አንድ አርብ፣ ወንዶቹ ለጁምዓ ሄደው ተራው ጭር ሲል፣ ነገሩን አወጣችው። "የኛ ቤተሰብ አገር ቤት ቅጽል ስም አለው" አለችኝ። "ሻካሮቹ ነው የሚሉን።" የአባቷ አክስት፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ እሷ ራሷና ታናሽ እህቷ፤ በየትውልዱ አንድ ሁለት ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ድምፁ ይሻክራል። ቀጥሎ ሲተኛ ያፏጫል። ከዚያ ወይ ይተርፋል ወይ አይተርፍም። የሰፈሩ ሰው፣ ቅድመ አያታቸው በሐሰት ምሎ ያመጣው እርግማን ነው ይላል። እሷንና እህቷን እንጥላቸው ወርዶ ጉሮሯቸውን ዘጋው ተብሎ በአንድ ቀን እንጥል ቆራጭ ዘንድ ወሰዷቸው።

"እጁ ፈጣን ነበር" አለችኝ። "የኔን ተመልሶ አድጓል ብሎ ሁለት ጊዜ ቆረጠው። እህቴ ለሁለተኛው አልደረሰችም።"

እሷን አጎቷ አዲስ አበባ አምጥቶ ሐኪም አሳያት። ችግሩ እንጥሏ አልነበረም፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ሥጋ በቅሎ ነበር። ሐኪሞቹ ሲያነሱት እሱ ሲበቅል፣ እንደገና ሲያነሱት እንደገና ሲበቅል ልጅነቷ አለቀ። አድጋ ሲተዋት ድምፅዋንም ይዞ ሄደ። "የልጅ ልቅሶ የምሰማው ለዚህ ነው" አለችኝ። "ሲጀምር ጉንፋን ነው የሚመስለው። የማያውቅ ሰው አይለየውም።"

ዘግይታ አገባች። ከድር በቡታጅራ መስመር እህል የሚጭን አይሱዙ ሾፌር ነው፤ ደግና ዝምተኛ ሰው። "ሁለታችሁ ስትጣሉ ጎረቤት በምን ያውቃል?" እያልኩ እቀልድባት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሙኒር ተወለደ። የሙኒርን ልቅሶ የሰማ አይረሳውም። ሌላዋ እናት እሹሩሩ ስትል እሷ ልጁን ባንኮኒው ላይ አስተኝታ፣ "ጩህ የኔ ጌታ፣ ጩህ" ትለዋለች። ብርድ ልብስ ሻጩ፣ "ይህ ልጅ ገበያዬን በተነው እኮ!" እያለ ይማረራል። እሷ ትስቃለች። ሳቋ ድምፅ ስለሌለው ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል ግን አንገቷ እንደ ድሮው ዘንበል እንዳለ ነበር፤ እኔ ሳያት ደስታዬ ይቀዘቅዝብኛል።

ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው አንድ ጠዋት ልጁ ኳስ ተቀምቶ አለቀሰ። የመቀሱ ድምፅ ቆመ። ብቅ ብዬ ሳይ እትዬ ዘይነባ ቆማለች።

"ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"ጫፉን። ልቅሶው ጫፉ ላይ ተቀደደ።"

"ጉንፋን ነው እትዬ። የሰሞኑ አየር ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ አዳምጬ አልነበረም። እንድትረጋጋ ብዬ ነው ያልኩት። እሷ ግን ሱቋን ዘግታ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄደች። እየተመላለሰች የጉሮሮ ሐኪሙ ጋ ስትደርስ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ነገር አይሸፋፍንም። ያው ያንቺው በሽታ ነው አላት።

"ከኔ ነው?" አለችው።

"የሚያመጣው ቫይረስ ነው" አለ። "ቫይረሱ ስንቱን ሰው ይይዛል፤ የብዙው ሰው ሰውነት ግን ራሱ ያባርረዋል፣ ባለቤቱም ሳያውቅ ያልፋል። አንዳንድ ቤተሰብ አለ፣ ሰውነቱ ይህን አንድ ጠላት እያየ ዝም የሚል። ያ ዝም ማለቱ ነው በዘር የሚወርደው። ሁሉም ልጅ ላይ አይወርድም። የቱ ልጅ ላይ እንደሚወርድ ደግሞ አስቀድመን የምናውቅበት መንገድ የለንም።"

ስንወጣ ላጽናናት ብዬ፣ "እንኳን እርግማን አልሆነ" አልኳት።

"እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለች። "እርግማን ዱዓ ያነሳዋል። ደሜን ምን ያነሳልኛል?"

ለኦፕራሲዮኑ ከወር በላይ ወረፋ ነበር። ሐኪሙ አጥብቆ ነግሮናል፤ ትንፋሹ ከባሰበት ወረፋ የሚባል የለም፣ በቀጥታ እኔ ጋ አምጡት ብሏል። አንድ የሚፈራው ነገር ነበረው። ልጁ ታፍኖ ከመጣ አንገቱን ቀዶ ቱቦ ማስገባት ሊኖርበት ነው፤ ቱቦ ከገባ ደግሞ ኪንታሮቱ ተከትሎት ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። እትዬ ዘይነባ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣች፤ ማንም ሰው እጁን ሙኒር ጉሮሮ ውስጥ እንዳያስገባ። ለከድር ነገረች፤ ለአማቷ ለእማማ ራድያ ነገረች። እኔንም እጄን ይዛ፣ "ማይልኝ" አለችኝ። ማርያምን ብዬ ማልኩላት።

ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አባቷ ሞቱና ለለቅሶ አገር ቤት ወረደች። ከድር በመኪናው ወሰዳት። መንገዱ አቧራ ስለሆነ ልጁን ለአማቷ ትታ ሄደች። በሁለተኛው ቀን እማማ ራድያ ሙኒርን አዝለው ሱቄ ገቡ። ልጁ ያፏጫል። አየር ሲስብ የጎድኑ መሐል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

"እልፍነሽ፣ ልጄ፣ እንጥሉ ወርዷል፤ ሊሞትብኝ ነው" አሉኝ። "አብነት ሰፈር እጁ የተባረከ ሰው አለ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ያዢልኝ።"

"እማማ፣ እትዬ ዘይነባ እኮ ማንም እንዳይነካው ብላለች። እርስዎም ሰምተዋል።"

"እሷ ሐኪም ሐኪም ስትል ልጁ አለቀ! አንቺስ አልተቆረጥሽም? ምን ሆንሽ?"

ተቆርጫለሁ። እኔም፣ ወንድምና እህቶቼም፣ እናቴም። ሁላችንም ደህና ነን። ሐኪሙ ሲናገር አምኜዋለሁ፤ የሚታነቅ ልጅ ፊቴ ሲቆም ግን ያመንኩት የለመድኩትን ሆነ። ሐኪሙ ባይኖርስ፣ ዘበኛው በር ላይ ቢያቆመንስ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ደረደርኩ። ሱቄን ዘጋሁና ተከተልኳቸው።

እንጥል ቆራጩ ንጹሕ ሰው ነበር። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፣ ብረቱን የፈላ ውኃ ውስጥ ነከረ፤ ያ ነው ያታለለኝ። ሙኒርን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ፣ ሁለት እጁን በአንድ እጄ ያዝኩ። ሰውየው አፉን በማንኪያ ከፈተ። ልጁ ዓይኑን ወደ ላይ አንስቶ እኔን አየኝ። ቆረጣው ለመናገር የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልቆየም። የቆረጠውን ጥጥ ላይ አድርጎ፣ "ይኸውላችሁ፣ ይህ ነው ያነቀው" ብሎ አሳየን። እማማ ራድያ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ እፎይ አልኩ።

አብነት ታክሲ መያዣው ጋ ሳንደርስ ፉጨቱ ቆመ። ለአፍታ ዳነ ብዬ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አገጩ ደም ነው፤ አፉ ይከፈታል እንጂ አየር አይገባም። አንድ ባለታክሲ ሰዎቹን አስወርዶ ጡሩምባውን እንደያዘ ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ልጁን ከእጄ ነጥቆ ሮጠ። ተረፈ፤ ግን አንገቱን ቀደው ቱቦ አስገቡለት።

እትዬ ዘይነባ በማግስቱ ደረሰች። እኔና እማማ ራድያ አልጋው ግራና ቀኝ ነበርን። ማንንም አላየችም። በቀጥታ ሄዳ ጣቷን ቱቦው አፍ ላይ አስጠጋችና የልጇን ትንፋሽ በጣቷ ሰማች። ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆየች።

"ማነው የያዘው?" አለች።

"እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" ብለው እማማ ራድያ መሬት ተቀመጡ።

"እርስዎ እጅዎ ይንቀጠቀጣል" አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የያዝሽው አንቺ ነሽ።"

አዎ አልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ መጮህ እንደማትችል ረስቼ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ አላናገረችኝም። በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠን፣ መቀሷ ጠቅ ጠቅ ሲል እሰማለሁ፤ እሷም የኔን ልፍለፋ ትሰማለች። ልፍለፋዬም ቀንሶ ነበር።

ሙኒር በቱቦው ኖረ። ቱቦውን በቀን ስንቴ እንደምታጸዳለት አውቃለሁ፤ ሥራዋን አቋርጣ ወደ ጓዳ ስትገባ እሰማለሁ። አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሐኪሙ እንደፈራው ኪንታሮቱ ወደ ሳንባው ወርዶ ልጁ ሞተ። ሐኪሙን ለብቻዬ ሄጄ ጠየቅኩት። "ያለዚያም ይወርድ ይሆናል፣ ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርሽ አይችልም" አለኝ። ሊያቀልልኝ ፈልጎ ነው። አልቀለለኝም።

ሙኒር ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሐያት ተወልዳ ነበር። ስታረግዛት ምን ያህል እንደፈራች ያየኋት ከሩቅ ነው። ልጁን ከቀበረች አርባ ቀን እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት ሕፃኗን ታቅፋ በሱቄ በር ገባች። ተነስቼ ቆምኩ። ሕፃኗን ባንኮኒዬ ላይ፣ ቁልፎቹ መሐል አስቀመጠቻት።

"ጆሮዬ ተበላሽቷል" አለችኝ። "ውኃ ሲፈላ እንኳ ሙኒርን ነው የምሰማው። ይህችን አንቺ ስሚልኝ።"

"እኔ? እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ያን ድምፅ እስከ መቆሚያው የሰማሽው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ልትስቺው አትችዪም። እንዳትዋሺኝ ብቻ።"

እግሯ ላይ ወደቅኩ። ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ አልኳት።

"ይቅር አላልኩሽም" አለች። "ስሚ ነው ያልኩሽ።"

እንዲህ ሆኖ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በየጠዋቱ ሱቆቻችንን ሳንከፍት ሐያትን ታመጣታለች። ስታለቅስ ልቅሶዋን፣ አፏን ስትፈታ ወሬዋን እሰማለሁ። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ገና ስታየኝ አፏን ከፍታ "አአአ" ትለኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥና "ደህና ናት" እላለሁ። እትዬ ዘይነባ "ኢንሻአላህ" ትልና ትሄዳለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ባለቤቴ ለምን ማለዳ ማለዳ ምግብ እንደማይወርድልኝ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ ላስረዳው?

ሐያት ሦስት ዓመት ሊሞላት አንድ ሁለት ወር ሲቀራት፣ አንድ ማክሰኞ እናቷን ቀድማ እየሮጠች ገባች። "እልፌ፣ ቀዩን ቁልፍ ስጪኝ" አለችኝ። ቁልፉን አነሳሁ፤ ሳልሰጣት ቆየሁ። "ምን አልሽኝ? እስቲ ድገሚው" አልኳት። ደገመችው። "አአአ በዪልኝ" አልኳት። አለችልኝ። ድምፅዋ ጫፉ ላይ ተቀደደ።

እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሰሞኑን ያስነጥስ ነበር። ጉንፋን የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች። እኔ ልዋሽ ፈልጌ አይደለም፤ የምሬን ጉንፋን እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው። እሷ ወደኔ አታይም፤ መቀሷን እያገላበጠች መሬት መሬቱን ነው የምታየው።

"ደህና ናት?" አለችኝ።

"አይደለችም" አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። አላለቀሰችም። መጥታ በጉንጬ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር።

"አሁን ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ነይ፣ ሐኪሙ ሳይወጣ እንድረስ።"

የማንንም ይቅርታ እንደዚያች ቀን ፈርቼው አላውቅም። ሱቁን እንኳ አልዘጋሁም፤ ብርድ ልብስ ሻጩን አደራ ብዬ ልጅቷን አዘልኳት። እትዬ ዘይነባ ከጎኔ እጇን የልጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ትራመዳለች። ሐያት ቀይ ቁልፏን ጨብጣ በመንገዱ ሁሉ ትዘፍን ነበር፤ ከሁለታችን ዝም በይ ያላት የለም።